ደግነት ዲግሪ ያስፈልገዋል እንዴ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ነው። ገና ከጅምሩ እንዳታዛጉብኝ፤ ነገሩ ወደ ባቲ ገበያ ይወስደናል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ባቲ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶቿን ጨርሳ የትምህርት ክፍል ምደባ የሚወጣበት ሰሞን ነበር።

«ወጣ?» አልኳት።

«ወጣ» አለችኝ፣ መርዶ በሚነገርበት ድምፅ።

«ምን ደረሰሽ?»

«ሶሻል ወርክ።»

ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ ዝም ያልኩት የምለው ጠፍቶኝ ነው። እሷ ዝም ያለችው እናቷ ከኋላዋ እያለቀሰች ስለነበር ነው። አክስቴ «ልጄ ሕግ ልታጠና ነው» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ነበር። ከጠበቃነት ወደ… ወደ ምን እንደተወረደ እንኳን ለጎረቤት የምታስረዳበት ቃል አልነበራትም።

ትንሽ ቆይቶ የአክስቴ ባል ስልኩን ተቀበሉ። «አንቺ የተማርሽ ነሽና እስቲ ንገሪኝ። ይሄ ሶሻል ወርክ የሚሉት ነገር ምንድነው?»

«ሰው መርዳት ነው አጎቴ… የተቸገረን መደገፍ፣ ማማከር፣ ከሚረዳው መሥሪያ ቤት ጋር ማገናኘት…»

«ሰው መርዳት?» አሉ። በስልክም ቢሆን ፈገግ ማለታቸው ተሰማኝ። «ታዲያ ለሱ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? እኛ ሳንማር እናውቅበት የለ እንዴ? ደግነት ዲግሪ ያስፈልገዋል?»

አልመለስኩላቸውም። እኔ ራሴ ጋዜጠኝነት ተምሬ «ቴሌቪዥን ላይ መቼ ነው የምናይሽ?» እየተባልኩ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ የሌላ ሰው ዲግሪ ጠበቃ ለመሆን አቅሙ አልነበረኝም። ዛሬ ግን ልመልስላቸው እፈልጋለሁ። መልሱን የተማርኩት በሰው ጉዳት ነው።

የአጎቴ ክርክር ቀላል አይደለም

ባቲን ለማታውቋት፦ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟን ግን ሳትሄዱባትም ታውቁታላችሁ፤ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሟ ነው የሚጠራው። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ገበያዋ አለ። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላው ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ ከላይ ይወርዳል። በሦስት ቋንቋ ይከራከሩና በአንዱ ይስማማሉ።

እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ላደገ ሰው «ሰው መርዳት ልማር ነው» ማለት ለዓሣ ዋና ላስተምርህ እንደማለት ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው የሞተበት ቤት እንጨት አይፈልጥም፣ ውሃ አይቀዳም፤ ቅሬው አለለት። ዘካው አለ፣ ሰደቃው አለ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሁለት ቤተሰብ ደም ሲቃባ፣ ከፖሊስ በፊት የሚደርሱት ሽማግሎች ናቸው። በዱዓ ላይ የተቀመጠ ሰው ችግሩን ቢናገር ቡናው ሳይበርድ መላ ይፈለግለታል።

የአፋሮቹ ዳጉ ደግሞ አለላችሁ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው የሰሙትንና ያዩትን ሁሉ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ? ሣር የት አለ? ማን ታመመ? የት ሰላም ነው? የሰማ ሰው የሰማውን ሳያዛባ ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበት። የሶሻል ወርክ መምህራን «የማህበረሰብ ፍላጎት ዳሰሳ» ብለው አንድ ሴሚስተር የሚያስተምሩትን ነገር አፋሩ በግመል መንገድ ላይ ሲሠራበት ኖሯል።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ካለ የአጎቴ ጥያቄ ጥያቄ ነው። ዲግሪው በዚህ ላይ ምን ይጨምራል?

እኔ ያጠፋሁት

ከሁለት ዓመት በፊት ለእረፍት ባቲ ሄጄ ነበር። የምነግራችሁ ታሪክ የሌላ ሰው ስለሆነ መለያ ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮችን አውጥቻለሁ፣ አንዳንዱንም ቀይሬያለሁ። (ይህችን ያህል ጥንቃቄ እንኳን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።)

በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት። ከዓረብ አገር ተመልሳ ነበር። ይሄ በኛ አካባቢ ብርቅ አይደለም። ከኅዳር 2013 እስከ መጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። ከዚያም ወዲህ መመለሱ አልቆመም፤ መሄዱም አልቆመም። ከወሎ ወደ ጅቡቲና ወደ የመን የሚያወጣው አንዱ መንገድ ደግሞ በባቲ አድርጎ በሚሌ የሚወርደው ነው። በሄደችበት መንገድ የተመለሰች ልጅ በየሰፈሩ አለች።

አንድ ማታ ቡና ላይ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ትሠራበት በነበረው ቤት የደረሰባትን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። ስትጨርስ «ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ላንቺ ብቻ ነው» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅቷ እህል አትበላም፣ ከቤት አትወጣም። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ጎህ ሲቀድ አክስቴን ቀሰቀስኳትና ነገርኳት። «እባክሽ አክስቴ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ፤ እርጃት» አልኳት።

አክስቴ አለቀሰች። ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ለመርዳት ብላ ለሁለት የቅሬ ሴቶች ነገረች። ሁለቱም ደጎች ናቸው። እነሱም ለመርዳት ብለው ለሌሎች ነገሩ። ገንዘብ ተዋጣ፣ እህል ተሰፈረ፣ ቡና ተገዛ። ሰኞ ከገበያ መልስ ተሰባስበው ልጅቷን ሊያጽናኑ ወደ ቤቷ ሄዱ። በሩን የከፈቱት አባቷ ነበሩ።

«አብሽሩ፤ አላህ ያውቃል፤ የልጅቱ ጥፋት አይደለም» አሏቸው።

አባትየው ስለምን እንደሚያወሩ አያውቁም ነበር። የልጃቸውን ጉዳይ በገዛ በራፋቸው ላይ ቆመው፣ እህል ከተሸከሙ ሴቶች ሰሙ።

ልብ በሉልኝ፤ አንድም ሰው አልሰደባትም። አንድም ሰው አልሳቀባትም። ሁሉም እጁን ሞልቶ ነው የመጣው። ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ ቀና ብላ መሄድ አልቻለችም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በዚያው በሚሌ መንገድ ተመልሳ ሄደች።

አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ለአክስቴ ልጅ ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ አወራሁላት። ሁለተኛ ዓመት ጨርሳ ለክረምት መጥታ ነበር። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦

«ለአክስትሽ ከመንገርሽ በፊት ፈቃዷን ጠይቀሻት ነበር?»

ተናደድኩ። «ልጅቷ ልትሞት ነው፤ የምን ፈቃድ ነው የምታወሪው!» አልኳት።

«ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው ብለሽ ካመንሽ እሱ ሌላ ነው» አለችኝ ረጋ ብላ። «ያኔ ምስጢሩን መያዝ ላትችዪ ትችያለሽ። ግን ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ለሷ ትነግሪያታለሽ። ‹ይሄን ብቻዬን ልይዘው አልችልም፤ ለማን ብናገር ይሻልሻል?› ትያታለሽ። ከዚያ ሊረዳት ለሚችል አንድ ሰው፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ። ለሰፈር አይደለም።»

እኔ ያን ዕለት ስለ ሶሻል ወርክ ከስልኳ መርዶ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ።

ጎረቤት የማይሰጠው

እንግዲህ ለአጎቴ ያለኝ መልስ ይሄ ነው። ባቲ ደግነት አይጎድላትም። የሚጎድላት የደግነት ልጓም ነው። ዳጉ ወሬን ከሰው ወደ ሰው በማድረስ ሕይወት ያተርፋል፤ ስለ ዝናብና ስለ ሣር ሲሆን። ያው ወሬ አድራሽነት የአንዲት ልጅ ምስጢር ላይ ሲያርፍ ሕይወት ያጠፋል። ቅሬው ለሞት የተሠራ ነው፤ ሞት ደግሞ ምስጢር አይደለም። ተደፍራ የተመለሰች ልጅ፣ ልጁ ሱስ ውስጥ የገባበት አባት፣ ባሏ የሚደበድባት ሚስት ግን ወደ ቅሬው መሄድ አይችሉም። ለምን? ቅሬው ውስጥ ባልየው አለ፣ አባትየው አለ፣ ሁሉም አለ። ሽማግሎቹም ቢሆኑ የሚፈልጉት ዕርቅ ነው። እሷ የምትፈልገው ዕርቅ ባይሆንስ?

ዲግሪው የሚያስተምረው ይህንን ነው። ደግ መሆንን አያስተምርም፤ ማንም ሊያስተምር አይችልም። የሚያስተምረው ደግነት ብቻውን የማይደርስበትን ነው። ምስጢር መጠበቅን፤ ምስጢር መጠበቅ የማይቻልበት ድንበር የት እንደሆነም። ባለጉዳዩ ስለራሱ ሕይወት የመወሰን መብት እንዳለው፤ ውሳኔው አንተን ባያስደስትህም እንኳን። ሳይፈርዱ ማዳመጥን። የሰማኸውን ጽፎ መያዝንና የጻፍከውን መቆለፍን። «ይሄ ከኔ አቅም በላይ ነው» ብሎ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፍትሕ ቢሮ መምራትን፣ መርቶም አለመርሳትን።

የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን ደብተሯን ስታሳየኝ «ሲምፓቲ» እና «ኢምፓቲ» የሚሉ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ጽፋ፣ ከሥራቸው በአማርኛም በኦሮምኛም ለመተርጎም ታግላ ነበር። የመጀመሪያው አልከበዳትም፤ «አንጀቴን በላችው» የሚለው ነው። ሁለተኛው ላይ ሦስት ጊዜ ሰርዛ መጨረሻ ላይ «እሷን ሆኖ ማየት፣ ግን እሷን አለመሆን» ብላ ጽፋለች። ያን ሌሊት እኔ አንጀቴን ነበር የተበላሁት። ያስጨነቀኝ የራሴ አለመተኛት እንጂ እሷ ነገ ጠዋት ምን እንደምትፈልግ አልነበረም።

ይሄ ነገር በፈረንጆቹም ዘንድ በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። እነሱም የጀመሩት በደግነት ነው፤ ደህና ኑሮ ያላቸው ሴቶች ድሆችን ቤት ለቤት እየዞሩ ሲጎበኙ። ጄን አዳምስ በ1889 ቺካጎ ውስጥ ሃል ሃውስ የተባለውን ቤት ከፍታ ከስደተኞች ጋር መኖር ጀመረች፤ ደጅ ላይ ምጽዋት ጥሎ ከመሄድ ጎረቤት መሆን ይሻላል ብላ። ሜሪ ሪችመንድ ደግሞ በ1917 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝዝ ሁሉ ሰውን ለመርዳትም አስቀድሞ ሁኔታውን በሥርዓት ማጥናት ያስፈልጋል አለች። ሙያው የተወለደው ደግነት ብቻውን እንደማይበቃ የገባቸው ደጎች ቤት ነው።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ባቲ ተከፈተች

እኛ አገርም ትምህርቱ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። በዲፕሎማ ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደ ዲግሪ አደገ። በ1971 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ማህበር ሲመሠረት መቀመጫውን ያደረገው አዲስ አበባ ነበር። በአህጉሩ ቀዳሚ ከነበሩት አንዱ ነበርን ማለት ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የቀረው ከሶሺዮሎጂ ጋር ተቀላቀለ። በአዲሱ አስተሳሰብ የሰው ችግር የሚፈታው ሥርዓቱ ሲለወጥ ነበር፤ አንድ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሙያ ቦታ አልነበረም። የአህጉሩ ማህበር ቢሮ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አልነበረም!

በዚያው ዘመን የ77ቱ ረሃብ መጣ። ከኮረም ቀጥሎ ስማቸው ከተነሣው ትልልቅ የእርዳታ መጠለያዎች አንዱ ባቲ ነበር። ሕዝብ ከየአቅጣጫው እየተጎተተ መጥቶ ባቲ ላይ ወደቀ። እህል መጣ፣ ሐኪም መጣ፣ ድንኳን መጣ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ማን ጋር እንደሚያስቀምጥ፣ የተለያየ ቤተሰብ እንዴት እንደሚፈላለግ፣ ሁሉንም ቀብሮ ብቻውን የቀረ ሰው ነገ ምን እንደሚሆን የሚጨነቅ ባለሙያ በትምህርት ቤት ደረጃ ማፍራት ካቆምን አሥር ዓመት ሆኖን ነበር።

ሶሻል ወርከር ቢኖር ረሃቡ ይቆም ነበር አላልኩም። ረሃብን የሚያቆመው እህልና ፖለቲካ ነው። እኔ የምለው ከረሃቡ በኋላ ስለሚተርፈው ሰው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤቱ እንደገና የተከፈተው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ በማስተርስ። የጄን አዳምስን ስም የያዘው የቺካጎው ኮሌጅ አግዞታል። የመጀመሪያ ዲግሪው ወደየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ሙያ ነው እንግዲህ፤ አጎቴ «ምንድነው?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይገርማል?

ዲግሪውስ ምን ይመስላል?

አሁን ደግሞ ወደ ራሱ ወደ ትምህርቱ ልዙር። እስካሁን ስላሞገስኩት ጉድለት የለበትም ማለቴ እንዳይመስላችሁ።

አንደኛ፣ ተማሪው ወዶ አይገባበትም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በወጣው 70/30 በተባለው ክፍፍል የማህበራዊ ሳይንስ ተማሪ ከመቶ ሠላሳው ውስጥ የተረፈ ነበር፤ ሶሻል ወርክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕግና ኢኮኖሚክስ የሞላባቸው የሚደርሳቸው ነው። ምስጢር ሊጠብቅልህ የሚገባውን ሰው በዕጣ እንደመምረጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ቋንቋው። የባቲ ልጅ ቤቷ በኦሮምኛ፣ ገበያዋ በአማርኛና በአፋርኛ፣ ክፍሏ በእንግሊዝኛ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናም ማለፍ ግድ ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛ። ሞዴሎችንና ቲዎሪዎችን በእንግሊዝኛ የምትደረድር ልጅ «ማታ ማታ ይመታሻል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በኦሮምኛ እንዴት ሳታሳፍር እንደምትጠይቅ የሚያለማምዳት ኮርስ ማየት እፈልጋለሁ።

ሦስተኛ፣ የተግባር ልምምዱ። በስርዓተ ትምህርቱ ላይ ትልቅ ቦታ አለው፤ የሙያው ልብ ነው። ግን ከስንቱ ተማሪ ሰማሁ መሰላችሁ፦ አንድ ቢሮ ይመደባል፣ ወንበር ይሰጠዋል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ፊርማ አስፈርሞ ይመለሳል። ሰው ፊት ሳይቀመጥ ሶሻል ወርከር ተብሎ ይመረቃል። ይሄ ሕመምተኛ ሳይነካ ሐኪም እንደመባል አይደለም?

አንድ ቀበሌ፣ አንድ ሰው

ትልቁ ጉድለት ግን ከዩኒቨርሲቲው በር ውጭ ነው። ተመርቃ የት ትሂድ?

አገሪቱ አንድ ነገር ስታምንበት መደብ መክፈት ታውቅበታለች። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴቶች ተባለ፤ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው ተሰማሩ። የእናቶችና የሕፃናት ሞት እንዲቀንስ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው እንደሆነ ዓለም መስክሮለታል። ለግብርናውም በየቀበሌው የልማት ሠራተኞች አሉ። ለላሟ የሚታሰብላት ቀበሌ፣ በጦርነት ልጇን ላጣች እናት የሚያስብ አንድ ሰው የለውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ባቲም ከሚሴም ደርሶ ነበር። የተሰበረው መስኮት ተጠግኗል። ሌላውን ማን ቆጠረው?

የማህበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። ይህንን ከሶሻል ወርክ ጋር ማገናኘት እንደሚቻል ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2011 ዓ.ም. ገደማ ዩኒሴፍ ከመንግሥት ጋር ሆኖ በአማራ ክልል በሙከራ ካስጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ የገዛ ዞናችን ደዋ ጨፋ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የሴፍቲኔት ተጠቃሚው ገንዘብ ብቻ ተቀብሎ እንዳይሄድ፣ ሶሻል ወርከር ከጤና መድህኑ፣ ከትምህርቱ፣ ከሕፃናት ጥበቃው ጋር ታገናኘው። ከከሚሴ አጠገብ የታሰበ ነገር ባቲ የማይደርስበት ምክንያት ምንድነው?

«ገንዘብ የለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የለም። ግን እናስላው። አራት ዓመት አስተምረን፣ መግበን፣ ዶርም ሰጥተን፣ ፈትነን ያስመረቅናት ልጅ ቤቷ ስትቀመጥ ነው ገንዘቡ የባከነው። በየቀበሌው ባይቻል ከሦስትና ከአራት ቀበሌ ይጀመር። የባቲ ባለጉዳይ ዞኑ ቢሮ ለመድረስ በዋናው መንገድ ኮምቦልቻ ወጥታ እንደገና ወደ ከሚሴ መውረድ አለባት፤ ያን ሁሉ የትራንስፖርት ብር ከየት ታመጣለች? ለባልዋስ ምን ብላ ትወጣለች? ባለሙያዋ ትምጣላት እንጂ።

ለዩኒቨርሲቲዎቹም አንድ ልመና አለኝ። የልምምድ ተማሪዎቻችሁን ሰኞ ሰኞ ባቲ ላኩልን። ከጤና ጣቢያው አንድ በር የሚዘጋ ክፍል ለምናችሁ ስጧቸው። ሰኞ ሴት ከቤቷ የምትወጣበት ቀን ነው፤ «ገበያ ሄጄ ነው» ካለች ማንም አይጠይቃትም። ቅሬውን አትናቁት፣ ሽማግሎቹን አትጋፉ። እነሱ የማይችሉትን ብቻ ቻሉልን። የሚዘጋ በርና የሚዘጋ አፍ።

እናንተ ዘንድሮ ሶሻል ወርክ የደረሳችሁ ልጆች ደግሞ አታልቅሱ። ወይም አልቅሱና ተነሡ። ዲግሪያችሁን በ«ሰው መርዳት ነው» አትግለጹት፤ በሱ ባቲ ትበልጣችኋለች። «ሰው ሳልጎዳ መርዳት እየተማርኩ ነው» በሉ።

የአክስቴ ልጅ አሁን የመጨረሻ ዓመት ላይ ናት። ባለፈው በዓል ቤት ተሰብስበን ሳለ አጎቴ እንደልማዳቸው ነካኳት። «እሺ ምስጢር ጠባቂ፣ እንዲያው አንድ የሰፈር ሰው ምስጢሩን ቢነግርሽ ለኔ ለአባትሽም አትነግሪኝም?»

«ለእርስዎም አልነግርም።»

«ለእናትሽስ?»

«ለእናቴማ ጭራሽ!» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ።

አጎቴ ዝም ብለው ቆዩ። ማታ ሰው ሁሉ ሲበተን ልጃቸውን ጠርተው ጓሮ ይዘዋት ወጡ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ጋዜጠኛ አይደለሁ? አላስቻለኝም። ስንተኛ ጠብቄ «ምን አሉሽ?» አልኳት።

«አልነግርሽም» አለችኝና መብራቱን አጠፋችው።